የዳታቤዙን ክላስተር ለሌላ ፕሮግራም ማዋል፦ ከድሬ የተነሳ ጥያቄና 23 መልስ

ሰላም ለቤቱ። ክሩ በጣም ረዘመ። አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ የተመለሰውን መልሶ እየጠየቀ ስለሆነ፣ የመክፈቻ ጽሑፌን እንዳለ ትቼ መልሶቹን ከሥሩ በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ላይ የራሴን ጣል አድርጌበታለሁ፤ ያልተስማማው ይናገር።

የመክፈቻ ጽሑፍ

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። ኦራክል ሊነክስ የተጫነባቸው ሁለት ሰርቨሮችና አንድ የጋራ ስቶሬጅ አለን። ዳታቤዛችን ኦራክል 19ሲ ስታንዳርድ ኤዲሽን 2 ነው። በ19ሲ ለስታንዳርድ ኤዲሽን ራክ (ዳታቤዙ በሁለቱም ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚሠራበት) ስለቀረ፣ ከ19.7 ጀምሮ በመጣው ስታንዳርድ ኤዲሽን ሃይ አቬይለቢሊቲ ነው የምንገለገለው። ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ አንዱ ሰርቨር ላይ ብቻ ይነሳል፤ ያ ሲወድቅ ክላስተርዌሩ (ሰርቨሮቹን እንደ አንድ ክላስተር አያይዞ የሚጠብቀው የኦራክል ሶፍትዌር) ሌላኛው ላይ ያስነሳዋል። ሁለተኛው ሰርቨር ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ የኤሲ ነፋስ ይቀበላል።

ለከባድ መኪኖች የመውጫ ወረቀት የሚያትመው ፕሮግራማችን ቶምካት በሚባል የጃቫ ዌብ ሰርቨር ላይ ነው፤ የተቀመጠውም በሦስተኛ፣ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ባለፈው ወር ማሽኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሞተ። ጠዋት 1 ሰዓት ስደርስ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት መኪኖች ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። አንዱ ሾፌር ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። ጥበቃው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ካርቦን እያስገባ የመውጫ ወረቀት በእጁ ይጽፋል፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ የሰሌዳ ቁጥሩን ያበላሽበታል። ያን ቀን ከአለቃዬ የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ክላስተርዌሩ ዳታቤዙን የሚያነሳና የሚያዛውር ከሆነ፣ ቶምካቱን ለምን አይጠብቅልኝም? በእርግጥ እንደማውቀው ይህ ሶፍትዌር የተሠራው ለዳታቤዝ ብቻ ነው፤ ለሌላ ማዋሉ በር በጓሮ መክፈት ይመስለኛል። ያደረገው ሰው አለ? ላይሰንሱስ ይፈቅዳል? ወይስ ፔስሜከር የሚባለውን ሌላ የክላስተር ሶፍትዌር ልትከል?

መልስ 1። የድሬ ልጅ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። በትህትና ተቀብሎኝ አራት ነገር ጠየቀ፤ ሁለቱ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር በስንት ስዊች እንደሚያልፍ፣ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ፣ ቮቲንግ ዲስኩ (የትኛው ማሽን በክላስተሩ እንደሚቀር የሚወሰንበት የጋራ ዲስክ) ስንት እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ ለመነሳት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት። አንድ ስዊች፣ 20 ደቂቃ፣ ሦስት ዲስክ፣ 90 ሰከንድ ገደማ ብዬ መለስኩ። ምንም አላለም። ዝምታውን ያኔ እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት።

መልስ 2። በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው ያረሙኝ። ለዳታቤዝ ብቻ ነው ያልኩት ስህተት እንደሆነ ታሪኩን ከሥሩ አስረዱኝ። ከ10ጂ በፊት በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ኦራክል ራሱ በሌላ ሰው ክላስተር ላይ ተደግፎ ይኖር ነበር፤ በቬሪታስ፣ በሰን ክላስተር፣ በአይቢኤም ኤችኤሲኤምፒ፣ በኤችፒ ሰርቪስጋርድ። እነዚያ ደግሞ የፈለግኸውን ፕሮግራም የሚጠብቁ ነበሩ። በ10ጂ የራሱ መጣ። በ10ጂ አር2፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ክላስተርዌር የሚለውን ስም ይዞ የሌላ ሰው ፕሮግራም የሚመዘገብበት መንገድ ተከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ2009 በ11ጂ አር2 ከኤኤስኤም (ከኦራክል የዲስክ ማስተዳደሪያ) ጋር ተጣምሮ ግሪድ ኢንፍራስትራክቸር ሆነ። በጓሮ ነው ያልኩት በር፣ በእሳቸው አገላለጽ፣ ከፊት ለፊት ከተከፈተ ቆይቷል። አምኜ ተቀበልኩ።

መልስ 3። ሠርቶበት የሚያውቅ ሰው ነው፤ አሠራሩን ቁጭ ብሎ ጻፈው። መጀመሪያ ለፕሮግራሙ የሚንቀሳቀስ አድራሻ፣ አፕሊኬሽን ቪአይፒ የሚባለውን፣ ትፈጥራለህ። ከዚያ ስታርት፣ ስቶፕ፣ ቼክ እና ክሊን የሚሉ አራት ትእዛዞችን የሚያውቅ አንድ ስክሪፕት ትጽፋለህ። ቼክ 0 ከመለሰ ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ ሌላ ቁጥር ከመለሰ ወድቋል። ክሊን ስቶፕ እሺ አልል ሲለው በጉልበት የሚገድለው ነው። በመጨረሻ በሲአርኤስሲቲኤል (በክላስተርዌሩ ማዘዣ) ሪሶርስ፣ ማለትም ክላስተርዌሩ የሚጠብቀው ነገር፣ አድርገህ ትመዘግበዋለህ፤ ቪአይፒው ሳይነሳ እንዳይነሳና ቪአይፒው በሄደበት እንዲከተለው ታስረዋለህ። ሁለተኛው ሰርቨር ላይ እንዲያርፍ ከፈለግህ ምርጫውን ትነግረዋለህ፤ ያ ማሽን ከሌለ ወደ አንደኛው ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የጠቀመችኝ በመጨረሻ ያስገባት ማስጠንቀቂያ ናት። ለስክሪፕቱ የተሰጠው ጊዜ ካልቀየርከው 60 ሰከንድ ነው። የእኔ ቶምካት ለመነሳት 90 ይፈጃል። ስለዚህ ሳይነሳ ሞቷል ብሎ ይገድለዋል፣ ሌላኛው ማሽን ላይ ይሞክራል፣ እዚያም ይገድለዋል። ወደ 180 ከፍ እንዳደርገው መከረኝ።

መልስ 4። ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ ቪአይፒ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ይቅርታ ጠይቆ ነው የጀመረው። ምንም የሚያሳፍር የለውም።

መልስ 5። ለተማሪው የተሰጠ ነው። ቀፎህ ቢሰበር ሲሙን አውጥተህ ሌላ ቀፎ ውስጥ እንደምትከተው፣ አድራሻው ከሞተው ማሽን ወጥቶ ሌላኛው ላይ ይገባል፤ ደዋዩ የቀፎውን መለወጥ አያውቅም። አዲሱ ማሽን አድራሻው አሁን እኔ ዘንድ ነው ብሎ ለኔትወርኩ በኤአርፒ ያውጃል። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁም።

መልስ 6። ከሐረር ነው የጻፈው። ነገሩን ሁሉ ከንቱ ድካም አደረገው። አንድ ቶምካት ለመጠበቅ ግሪድን የሚያህል ነገር ማሰብ ዶሮ ለመጠበቅ በሬ መጥመድ መሆኑን፣ ፔስሜከርና አብሮት የሚሠራው ኮሮሲንክ በነፃ እንዳሉ፣ ከዚያም አልፎ ፕሮግራሙ በሁለት ማሽን በአንድ ጊዜ መሥራት ከቻለ ክላስተር የሚባል ነገር ጭራሽ እንደማያስፈልግ ጻፈ። ሁለቱንም ቶምካት አስነስተህ ከፊታቸው ኪፕአላይቭድ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ታቆማለህ፤ በቪአርአርፒ አድራሻውን ይቀባበላሉ፣ አለቀ። አነጋገሩ ቢጎረብጥም ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ነው። የእኛ ፕሮግራም ግን የወረቀቱን ተራ ቁጥር ማህደረ ትውስታው ውስጥ ነው የሚይዘው። ሁለት ቢነሳ ሁለት መኪና በአንድ ቁጥር ይወጣል። የጻፈው ሰው ከድርጅቱ ከወጣ ቆይቷል።

መልስ 7። ከሁሉም አብልጬ የያዝኩት ይህን ነው። ሰውየው የራሱን ገመና ነው የዘረገፈው። ከአራት ዓመት በፊት እንዲሁ አድርጎ አንድ ፕሮግራም ለክላስተርዌር ይሰጣል። የቼክ ስክሪፕቱ አንድ መስመር ነበረች፤ በፒኤስ የሚሮጡትን ፕሮሰሶች ዘርዝራ በግሬፕ ቶምካት የሚለውን ቃል ትፈልጋለች፤ ካገኘች 0 ትመልሳለች። ፕሮግራሙ ወደቀ። ክላስተርዌሩ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሎግ ሲያገላብጥ አድሮ ሲነጋጋ ነው የገባው፦ ግሬፕ ራሱ የሚፈልገውን ቃል ይዞ ስለሚሮጥ ሁልጊዜ ራሱን ያገኛል። ያ ቢስተካከል እንኳ የስክሪፕቱ ፋይል ስም ቶምካት የሚል ነበረበት። ለወራት ሲጠበቅ የኖረው ፕሮግራሙ ሳይሆን ጠባቂው ራሱ ነበር።

አስተካከለውና ሌላ መጣ። ፕሮሰሱ አለ፣ ፖርቱ ክፍት ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም፤ ወደ ዳታቤዙ የሚሄዱት ኮኔክሽኖች ተሟጥጠው ሁሉም ተሰልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ ቼኩን በከርል ገጽ እንዲጠራ አደረገው፤ ገጹም ከዳታቤዙ አንድ ነገር አንብቦ እንዲመልስ። ጥሩ የመሰለው ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። ዳታቤዙ ለጥገና ሁለት ደቂቃ ሲወርድ ቼኩ ወደቀ፤ ክላስተርዌሩ ደህናውን ቶምካት ገድሎ አስነሳ፣ ቼኩ አሁንም ወደቀ፣ ወደ ሌላ ማሽን አዛወረው፣ እዚያም ወደቀ። ዳታቤዙ ሲመለስ ቶምካቱ የትም አልነበረም። አሁን ገጹ በቶምካቱ ውስጥ አልፎ አንዲት ቃል ብቻ ይመልሳል፣ ዳታቤዙን አይነካም፤ የዳታቤዙን መቋረጥ ራሱ የኮኔክሽን ፑሉ ይቻለው ብሎ ተወው። ክላስተሩ ስለ ፕሮግራምህ የሚያውቀው አንተ በቼክ ውስጥ የነገርከውን ያህል ብቻ መሆኑን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

መልስ 8። ከ7 ላይ የጨመረ። በእጁ ሲያስኬደው የሚሠራው ስክሪፕት በክላስተርዌር ሲጠራ እምቢ ያለው ጃቫን የሚያሳየው ጃቫ ሆም ባለመኖሩ ነው። ኤጀንቱ (ስክሪፕቱን የሚጠራው የክላስተርዌሩ ክፍል) የአንተን ፕሮፋይል አይጭንም፤ ሁሉንም ነገር ሙሉ መንገዱን ይዘህ ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፍ ነው ምክሩ። በተጨማሪም ስክሪፕቱ በሁለቱም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እንዳረጋግጥ አሳሰበኝ። ያኔ ተበሳጨሁ፣ ኋላ ግን ሳይ የእኔ በአንድ መስመር ይለያይ ነበር።

መልስ 9። እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊው መልስ 6ን ለይቶ ያዘው። ፔስሜከር በነፃ ነው የሚሉ ሰዎች ሁሉ ከኢንተርኔት የገለበጡት ማስተማሪያ ላይ ስቶኒዝን (አንዱ ማሽን የታመመውን ሌላ ማሽን በግድ የሚያጠፋበትን ዘዴ) አጥፋ የምትል መስመር እንዳለችና እሷን ሳይጠይቁ እንደሚገለብጡ ጻፈ። ሁለት ማሽን ብቻ ባለበት ክላስተር አንዱ ሌላውን በእርግጠኝነት የሚያጠፋበት መንገድ ከሌለው፣ በመካከላቸው ያለው መስመር ሲቆረጥ ሁለቱም እኔ ነኝ ባለቤቱ ብለው ይነሳሉ። የክላስተርዌሩ ጥቅም ይህን ነገር ከዳታቤዙ ጋር አብሮ የፈታው መሆኑ ነው። አብዛኛውን ቮቲንግ ዲስክ ማየት ያልቻለ ማሽን ከክላስተሩ ይወጣል፤ ድምፁ ለ30 ሰከንድ ያልተሰማም እንዲሁ። ነጥቡ ትክክል ነው። ሐረሬውን መዋቅሩን ሳያይ ስቶኒዝ የለህም ብሎ መፍረዱ ግን ትክክል አልነበረም።

መልስ 10። ሐረሬው ተመለሰ። ስቶኒዝ እንዳለው፣ በሰርቨሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ፖርት በኩል ማሽኑን እንደሚያጠፋ፣ በገዛ እጁ እንደፈተነው ገለጸ። ከዚያ ስለ ድሬ ልጆችና ከሰዓት በኋላ ስለሚጽፉት መልስ አንድ ነገር ጣል አደረገ። የበርጫ ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

መልስ 11። አወያዩ ሁለቱንም ረጋ በሉ አለ። አንዲት መስመር።

መልስ 12። ክላስተርዌሩንና ፔስሜከርን በአንድ ማሽን ላይ ላጣምር ብዬ ጠይቄ ነበርና አትሞክረው ተባልኩ። አንዱ ክላስተር ማሽኑን ሊገድለው ሲወስን ሌላው ስለማያውቅ፣ ሁለት ዳኛ አንድ ሜዳ ላይ ፊሽካ እንደሚነፋ ነው።

መልስ 13። ላይሰንስ። ይህ ሰው ካስደነገጡኝ አንዱ ነው። ቶምካት በክላስተርዌር ላይ ከጫንኩ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ልከፍል እንደምችል አስጠንቅቆ፣ ማስረጃ ሳያቀርብ ሄደ።

መልስ 14። ሁለተኛውን መልስ የጻፉት እኚያው ሰው ናቸው፤ አሁን ልጄ አላሉም። ሳያነቡ ሰው ማስፈራራት ነውር መሆኑን ለ13ኛው ነግረው፣ በ11ጂ አር2 የላይሰንስ መጽሐፍ ላይ የሰፈሩትን ሁኔታዎች በየተራ ጻፉ። ከሚከተሉት አንዱ ከተሟላ ክላስተርዌሩን ለማንኛውም ፕሮግራም ማዋል ይቻላል፤ የሰርቨሩ ሊነክስ በኦራክል የድጋፍ ውል ሥር ከሆነ፤ ወይም የሚጠበቀው የኦራክል ምርት፣ አለዚያም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መረጃውን ኦራክል ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከሆነ፤ ወይም በክላስተሩ ካሉት ሰርቨሮች ቢያንስ አንዱ የዳታቤዝ ላይሰንስ ካለው። የእኛ ቶምካት የሚጽፈው እዚያው ኦራክል ላይ ነው፣ ሰርቨሩም ላይሰንስ አለው። ነገር ግን እያንዳንዱ እትም የራሱ መጽሐፍ ስላለው የ19ሲውን ገልጬ እንዳነብና ውሉን ከያዘው ክፍል ጋር እንድነጋገር አዘዙኝ። አዘዙኝ ነው የምለው።

ከመልስ 15 እስከ 17 ከርዕስ ወጣ። አንዱ የድሬ ሙቀት ሰርቨር የሚገድልበትን ወር ለመተንበይ ሞከረ፤ ሌላው ሐረር ላይ ኤሲ ለምን እንደማያስፈልግ ሊያስረዳ ብርዱን አነሳ፤ ሦስተኛው ከዚራ ላይ ጠዋት ጥሩ ፈጢራ በማር የት እንደሚገኝ ጠየቀና ከቴክኒኩ ሁሉ ይበልጥ መልስ አገኘ። አልመዘገብኩትም፤ የሚፈልግ ራሱ ይጠይቀው።

መልስ 18። ከጨዋታው መሃል ከባድ ነገር መጣ። ያደገው ደቻቱ ዳር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ ልጅ ነበር። ሁለት ሰርቨር በአንድ ክፍል አስቀምጦ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ ማለት ውሃ ለማያውቅ ሰው መሆኑን ጻፈ። ማንም ለጥቂት ሰዓት አልመለሰለትም።

መልስ 19። ታዲያ ሁለተኛውን ሰርቨር ሐረር ብንወስደውስ ለሚለው ነው። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ርቀቱ ራሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በመሃል ያለው መስመር የእኛ አለመሆኑ ነው። የተዘረጋ ክላስተር የራሱ ጥንድ መስመር፣ ስቶሬጁ በሁለቱም ከተማ፣ ደግሞም ሦስተኛ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ቮቲንግ ዲስክ ይፈልጋል። ለጎርፍ የሚበጀው ክላስተር ሳይሆን ሐረር ላይ የሚቀመጥ የባክአፕ ቅጂና በእጅ የሚነሳ ማሽን ነው ብሎ ለይቶ አስቀመጠው። ሐረሬው፣ የመልስ 6 ባለቤት፣ እዚህ ላይ መስማማቱን በአንድ ምልክት አሳየ።

መልስ 20። ሁላችንም የዘለልነውን ያነሳ ሰው። ቶምካቱን ከዳታቤዙ ጋር ስታስር የዳታቤዙን ሕመምም ትወርሳለህ። ስቶሬጁ ቢንተፋተፍና ማሽኑ ከክላስተሩ ቢባረር፣ ከስቶሬጁ ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበረው ቶምካት አብሮ ይባረራል። ግሪዱን ፓች በምታደርግበት ሌሊት በየማሽኑ ተራ እዚያ ላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረውና ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ሰው የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ቀድሞ ይወሰን። እኛ ጋር ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያ ጠብ የለብኝም።

መልስ 21። የእኔ ነው። ያደረግኩትን ጻፍኩ። ቼኩ በየ30 ሰከንዱ አንዲት ገጽ ይጠራል፣ ዳታቤዝ አይነካም። ጊዜው 180 ሰከንድ ነው። ከዳታቤዙ ጋር በጥብቅ አላሰርኩትም፤ ዳታቤዙ ሲዛወር ቶምካቱ ባለበት ይቆያል። ስካን የተደረጉት ሰነዶች የሚቀመጡበት ፎልደር በአሮጌው ማሽን የገዛ ዲስክ ላይ ስለነበር ወደ ኤሲኤፍኤስ (ሁለቱም ሰርቨሮች ወደሚያዩት የኦራክል የጋራ ፋይል ማስቀመጫ) አዛወርኩት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ሌላ ማሽን ላይ ተነስቶ ሰነዱን የለም ይል ነበር። ሐሙስ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ በር ላይ መኪና ሳይኖር፣ ገመድ ነቀልኩ። ጥበቃው ሰዓቱን ያዘልኝ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ፕሪንተሩ አተመ። ካርቦኑን ሊጥለው ሲል ከልክዬዋለሁ።

መልስ 22። እንኳን ደስ አለህ የሚል፣ ከሐረሬው። ዶሮህ ተጠበቀች ማለቱን ግን አልተወም።

መልስ 23። መጀመሪያ የመለሰልኝ፣ ስለ ስዊቹ ዝም ያለው ሰው ነው። የጻፈው አንድ ጥያቄ ነው፤ የነቀልኩት ገመድ ተጠቃሚው የሚገባበት መስመር ነው ወይስ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። የተጠቃሚው ነበር። ሌላውን አልነካሁትም፤ ሁለቱም የተሰኩት እዚያችው አንዲት ስዊች ላይ ነው። ሁለተኛ ስዊች እንዲገዛ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ እሁድ ሌሊት ደግሞ ያኛውን እነቅለዋለሁ።